ሀገርን ሀብታም የሚያደርጋት ምንድን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኢኮኖሚክስ በማስተማርባቸው ዓመታት ከተማሪዎቼ ይልቅ አጥብቀው የጠየቁኝ በለቅሶ ድንኳን፣ በሰንበቴና በሚኒባስ ወንበር ላይ የተገናኘኋቸው ሰዎች ናቸው። የመንዝ፣ የሞረትና ጂሩ፣ የቀወት ዘመዶቼም ከተማ በወጡ ቁጥር ይህንኑ ያነሣሉ፦ እነሱ በምን በለጸጉ፣ እኛስ ስለምን ወደ ኋላ ቀረን? ደጋግመው የመጡትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እንደሚከተለው ጽፌአቸዋለሁ።

አንዲት ሀገር «ሀብታም» ወይም «ድሃ» የምትባለው በምን ተለክቶ ነው?

በብዛት የሚሠራበት መለኪያ የነፍስ ወከፍ ገቢ ነው፤ ይኸውም የሀገሪቱ ዜጎች በዓመት ያገኙት ጠቅላላ ገቢ ለሕዝቡ ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ማለት ነው። የዓለም ባንክ ሀገሮችን በዚህ መለኪያ በአራት ደረጃ ይመድባል። በዓመት ለአንድ ሰው ወደ 1,100 ዶላር ገደማና ከዚያ በታች የሚደርሳቸው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሲባሉ፣ ከ14,000 ዶላር ገደማ በላይ የሆኑት ከፍተኛ ገቢ ካላቸው ይቆጠራሉ፤ ሁለቱ መካከለኛ ደረጃዎች በመሐል ይገባሉ። «ያደገ» እና «በማደግ ላይ ያለ» የሚሉት ስሞች ለንግግር ይመቻሉ እንጂ፣ እንደ ሕንድና እንደ ኮንጎ ያሉ በእጅጉ የሚለያዩ ሀገሮችን በአንድ ከረጢት ውስጥ ይከታሉ።

ይህ ሚዛን ግን የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር የሚሰላው የነፍስ ወከፍ ገቢያችን በዚያው ልክ ወርዷል፤ ሆኖም በሐምሌ መጨረሻ የጂሩ ገበሬ ጎተራ ውስጥ የነበረው ስንዴ ከሐምሌ መጀመሪያው በአንድ ቁና እንኳ አላነሰም። ስለዚህ ባለሙያዎች አንድ ብር በሀገሩ ምን ያህል ዕቃና አገልግሎት ይገዛል የሚለውን፣ ማለትም የመግዛት አቅምን፣ አብረው ይመለከታሉ። ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን አንድ ላይ የሚመዝነው የሰብአዊ ልማት መለኪያም ከእ.ኤ.አ. 1990 ጀምሮ በየጊዜው እየወጣ ነው።

የተፈጥሮ ሀብት ሞልቶን ሳለ ለምን ድሃ ሆንን?

ይህ ጥያቄ «ሀብት» የሚለውን ቃል ሁለት ትርጉም እየሰጠ ያሳስተናል። ከመሬት በታች ያለው ማዕድን ወይም ከላይ የሚፈስሰው ወንዝ ሀብት የሚሆነው ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሰው ሲያገኘው፣ ከተገኘም በኋላ ገቢው በማን እጅ እንደሚገባ ሕግ ሲወስንለት ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ የካካዋ ዛፍ አይበቅልም፤ ከዓለም ካካዋ ከግማሽ በላይ የሚያመርቱት ኮትዲቯርና ጋና ናቸው፤ በቸኮላት ስሟ የገነነው ግን ስዊዘርላንድ ናት። ዴሞክራቲክ ኮንጎ ከዓለም ኮባልት ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነውን ታወጣለች፤ የነፍስ ወከፍ ገቢዋ ግን 1,000 ዶላር አይሞላም።

ይህ ማለት ማዕድን እርግማን ነው ማለት አይደለም። ቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ1966 ነጻ ስትወጣ በአስፋልት የተሠራ መንገዷ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በማግሥቱ ዓመት አልማዝ ሲገኝ መንግሥቷ ከኩባንያው ጋር በጽኑ ተደራድሮ ድርሻውን ወሰደ፤ ገቢውንም በመንገድ፣ በትምህርት ቤትና በጤና ላይ አዋለው፤ ዛሬ ከመካከለኛ ገቢ ሀገሮች የላይኛው ደረጃ ላይ ናት። የእርሷም ድክመት አለ፤ የአልማዝ ዋጋ ሲያስነጥሰው በጀቷ ጉንፋን ይይዘዋል። ኖርዌይ በበኩሏ የነዳጅ ገቢዋን ለመጪው ትውልድ በሚቀመጥ ግምጃ ቤት ታኖራለች፤ በየዓመቱም ከትርፉ የሚጠበቀውን ያህል እንጂ ዋናውን አትነካም። ዘሩን ለእህል የማይፈጅ ገበሬ ይህንን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

የእኛ ገበሬ ከንጋት እስከ ምሽት ይለፋል። ታዲያ የድህነታችን ምክንያት ስንፍና ነው እንዴ?

አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉም የሚያናድደኝ መልስ ይህ ነው። ሀብታም ሀገርን ከድሃው የሚለየው አንድ ሰው የሚሠራው የሰዓት ብዛት ሳይሆን፣ በአንዱ ሰዓት ውስጥ የሚያወጣው ምርት ነው። ይህንን ምርታማነት እንለዋለን፤ ከዚህ በታች የሚመጡት መልሶች ሁሉ ዞረው የሚገቡትም ወደዚሁ ነው።

ነሐሴ ላይ ወደ ሞረትና ጂሩዋ ከተማ ወደ እነዋሪ የወጣ ሰው ነገሩን በዓይኑ ያየዋል። የአካባቢው ጥቁር ዋልካ አፈር ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃው ካልተንጠፈጠፈለት ስንዴው ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ሴቶችና ልጆች ጎንበስ ብለው ጭቃውን በእጃቸው እየዘገኑ መደብና ቦይ ያወጣሉ። ልፋቱ የሚያስደንቅ፣ ጥበቡም የራሳቸው የሆነ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጥማድ መሬት ብዙ ሰው ለቀናት ይዞ ይውላል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ተመራማሪዎች ሁለት የሀገር ማረሻ አጣምረው በጥንድ በሬ የሚጎተት መደብ አውጪ ሠሩ፤ ገበሬው ዛሬም «ቢቢኤም» ይለዋል። ሰውየው ያው፣ በሬው ያው፣ አፈሩም ያው ነው፤ የተጨመረው ትንሽ ብረትና ብዙ ሐሳብ ነው፤ ብዙ እጅ ለቀናት ይዞት የነበረው ሥራ ግን በእጅጉ አጠረ። የአንድ ሀገር ብልጽግና እንዲህ ያለው ለውጥ በየመስኩ ሺህ ጊዜ ተደጋግሞ ሲገኝ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ሄክታር ስንዴ በአማካይ ወደ 30 ኩንታል ይሰጣል፤ በኔዘርላንድና በጀርመን ከ70 እስከ 80 ኩንታልና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የሰው ጉልበት ልዩነቱ ደግሞ ከዚህም ይሰፋል። በእኛ ሀገር ከሠራተኛው ሕዝብ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ገበሬ ሲሆን፣ በአሜሪካ ከመቶ 2 የማይሞላ ገበሬ ሀገሩን መግቦ የተረፈውን ለውጭ ይሸጣል። የቀረው 98 እጅ መድኃኒት ይቀምማል፣ አውሮፕላን ይሠራል፣ ያስተምራል።

ድህነት ራሱን እንዴት እንደሚያራባም እዚሁ እናያለን። በባሶና ወራና ደጋ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚደርቀው ኩበት ለእርሻው ማዳበሪያ መሆን የሚገባው ነበር። ዛፍ በመመናመኑና ኤሌክትሪክ ባለመድረሱ ወይም በመቆራረጡ፣ እናት ኩበቱን ከምጣዱ ሥር ታነደዋለች፤ አፈሩ ይከሳል፣ ገብሱ ይቀጥናል፣ በሚቀጥለው ዓመት ለማዳበሪያ የሚሆን ብር ይታጣል። ሴትየዋ አላጠፋችም፤ ዛሬ ማታ ልጆቿ መብላት አለባቸው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ጥቅሙን በደጋው የምለካው ግን ከዚያ ግድግዳ ላይ ኩበቱ ሲወርድ ነው።

ጥሬ ዕቃ ሸጦ መክበር አይቻልም?

ጥቂት ሕዝብና ብዙ ነዳጅ ላላቸው ሀገሮች ተችሏል። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው ሀገር ግን አይበቃም። ቡና ከእኛ ጥሬውን ይወጣል፤ አንድ የቡና ዛፍ የሌላት ጀርመን ቆልታና አሽጋ ለሌሎች ሀገሮች ከሚሸጡት ግንባር ቀደሞች አንዷ ናት። በመሐል ያለው ልዩነት ቆይው፣ ማሸጊያው፣ ማጓጓዣው፣ የንግድ ስሙና ብድሩ የሚያስገኘው ገቢ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የመንዝ በግ ነው። ጸጉሩ ተሸልቶ ይጸዳል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ሸማኔው ይሠራዋል፤ ከዚያም ባና ወይም በርኖስ ይሆናል። የጥሬው ሱፍ ዋጋና የበርኖሱ ዋጋ ምንና ምን ናቸው? በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲተከል የታሰበው ይኸው ነበር። ገብስም እንዲሁ ነው፦ ገብሱ ብቅል፣ ብቅሉ ቢራ ሲሆን በየደረጃው ሥራና ደመወዝ ይወለዳል።

አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። እሴት መጨመር ራሱ ትርፍ አይደለም፤ ከሌላው ሀገር ይበልጥ በሚያስወጣ ወጪ የተሠራ ብርድ ልብስ ገዢ አያገኝም፤ ኪሳራው ደግሞ ዞሮ በግብር ከፋዩ ላይ ይወድቃል።

የእጅ ባለሙያን መናቃችን ጎድቶናል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚሁ ከደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ የተወለዱት አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚያርሰውን ሳይቀር በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር ከለከሉ። አዋጅ ያስፈለገው በሽታው ጥልቅ ስለነበረ ነው። ልጁን «ጠይብ» እንዳይሉበት ሲል ሙያውን የሚሸሽግ አባት ያወቀውን አያወርስም፤ ማረሻ የሚያሻሽለው ሰው ደግሞ ያው ብረት ቀጥቃጩ ነው።

ደቡብ ኮሪያ ከእኛ በታች እንደነበረች ይነገራል። እንዴት አለፈችን?

በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ኮሪያ ሲደርሱ ያገኙት የተቃጠለች ሀገርና የተራበ ሕዝብ ነበር። ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በየተራ ዘምተው ከ120 በላይ የሚሆኑት እዚያው ወደቁ። እ.ኤ.አ. በ1960 የኮሪያ የነፍስ ወከፍ ገቢ ከ200 ዶላር በታች ነበር፤ አሁን ከ30,000 ዶላር በላይ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ስለተፈጸመ፣ «ዘር ነው፣ አየር ንብረት ነው» የሚለውን ክርክር ለብቻው ያፈርሰዋል፤ ሰዉም አየሩም አልተለወጡምና።

መሬት በጦርነቱ ዋዜማ ለአራሹ ተከፋፈለ። ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት ገቡ። መንግሥት ለባለ ፋብሪካዎች ርካሽ ብድር ሰጠ፤ ብድሩ ግን ለውጭ ገበያ መላክ የቻለ እንዲቀጥል፣ ያልቻለ እንዲቋረጥበት ሆኖ ተሰጠ። በመጀመሪያ የላኩት መኪና አልነበረም፤ ጨርቅ፣ ኮምፔርሳቶና ከሴቶች ጸጉር የሚሠራ ዊግ ነበር። የብረት ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1973 ማምረት ጀመረ፤ የራሳቸው የተባለችው የመጀመሪያዋ መኪና በ1975 ወጣች። ዊግ ከመሸጥ መኪና እስከ መሥራት ሃያ ዓመት አልሞላም።

ታሪኩን ሳሳምር ግን ሁለት ነገር መደበቅ አይገባኝም፦ ከአሜሪካ ብዙ እርዳታ አግኝተዋል፤ ሠራተኞቻቸውም በአምባገነን አገዛዝ ሥር በአነስተኛ ደመወዝ ረጅም ሰዓት ለፍተዋል።

ቅኝ ገዝተውን ቢሆን ኖሮ እናድግ ነበር?

ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የሸነቆረውን ዋሻ ያቋረጠ ተሳፋሪ ሁሉ ይህን አንድ ጊዜ ሳይናገር አይቀርም። ዋሻው ለጦርና ለጭነት መኪና የተሠራ ነው። ያው አገዛዝ በየካቲት 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጨፈጭፍ የተማሩ ወጣቶችን እየለየ አጠፋ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ፈጀ። ሀገር የምትለማው በተማረ ሰው ከሆነ፣ ሒሳቡ በአንድ ዋሻ አይወራረድም። ቅኝ ከተገዙት ውስጥ የበለጸጉም እጅግ የደኸዩም አሉ፤ ያልተገዛነው እኛም ድሆች ነን።

ሁሉም «ተቋም፣ ተቋም» ይላል። ተቋም ማለት ሕንጻው ነው?

ሕንጻው አይደለም። ተቋም ማለት ሰዎች «ነገ ሌላውም እንደዚሁ ያደርጋል» ብለው የሚተማመኑበት ሕግና ልማድ ነው። በዚህ ረገድ የመንዝ ሰው ከብዙ መጽሐፍ የሚበልጥ ማስረጃ በደጁ አለው፦ ጓሳ።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው የጓሳ ሜዳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል (ወጣት ከሚለው የኦሮምኛ ቃል ጋር መምታታት የለበትም)። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይፈለጋል፤ ማንም እንዳሻው ቢያጭደው ግን በአጭር ጊዜ ያልቃል። ስለዚህ የአካባቢው ባለ አጽመ ርስቶች ከመካከላቸው አለቆች መርጠው፣ ሜዳውን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጉ፣ ጠባቂ በየተራ ያቆሙ፣ ደንብ የጣሰውን ይቀጡ ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ ቀኑ ታውጆ በአንድነት ይታጨድ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የአጽመ ርስት መብት ሲቀር ሥርዓቱም አብሮ ፈረሰ። አዋጁ ጭሰኛን ነጻ ያወጣ ነበርና በዚህ አልነቅፈውም፤ ሆኖም ጓሳ ላይ አሮጌው ጠባቂ ሲሄድ አዲስ ጠባቂ አልተተካም፤ ሜዳውም ተጎዳ። በኋላ ማኅበረሰቡ እንደገና መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን ቀጠለ፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም እዚያው አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው የመጀመሪያዋ ሴት ኤሊኖር ኦስትሮም ስታጠና የኖረችው ይህንን ዓይነት ሥርዓት ነው፤ የጋራ ሀብት ባለቤቶቹ ራሳቸው ሲደነግጉለት፣ ሲጠብቁትና ሲቀጡበት እንደሚዘልቅ አሳይታለች። ያደጉ ሀገሮች ያላቸው ተመሳሳይ ነገር ነው፤ መጠኑ ብቻ ይሰፋል። ውል ያፈረሰ ይከሰሳል፣ ባለሥልጣንም ይጠየቃል፣ የቆጠቡት ብር አይወረስም። ይህ መተማመን ሲጎድል ሰው ገንዘቡን በፋብሪካ ፈንታ በቆርቆሮ ቤትና በወርቅ ያስቀምጣል፤ በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም የማደርገው ይኸው ነው።

ሰላምም ከዚሁ ይገባል። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል የጠፋው ቤትና ሱቅ ብቻ አልነበረም፤ በዕቁብና በዱቤ ዕቃ የሚሰጣጡ ሰዎች መተማመንም ነው፤ ይህ ደግሞ ከግድግዳው ይልቅ ለመጠገን ይዘገያል።

ድህነቱ በገንዘብ እጦት ከሆነ መንግሥት ለምን ብዙ ብር አያትምም?

ብር የዕቃ ደረሰኝ ነው። ዕቃው ሳይጨምር ደረሰኙ ቢበዛ ዋጋው ይንራል እንጂ ማንም አይከብርም። ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ2009 ባለ 100 ትሪሊዮን ዶላር ኖት አውጥታ ነበር፤ ያንን ይዘው የሚራቡ ትሪሊዮነሮች ነበሩ።

የሕዝባችን ብዛትና የባሕር በር ማጣታችንስ?

ሁለቱም ሸክም ናቸው፤ ሁለቱም ዕጣ ፈንታ አይደሉም። የሰሜን ሸዋ ዞን ስፋት ወደ 16,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የኔዘርላንድ የየብስ ስፋት ከዚህ እጥፍ ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ በዚያች ጠባብ ምድር ከ17 ሚሊዮን በላይ ሰው ሰፍሮ፣ ሀገሪቱ የእርሻ ውጤት ለውጭ በመሸጥ ከዓለም ግንባር ቀደሞች አንዷ ናት። እርግጥ ከምትሸጠው ውስጥ ከሌላ ሀገር ገዝታ መልሳ የምታሻግረው አለበት፤ የእኛም አበባ የሚጫረተው እዚያው ነው። ይሁንና አራት ልጆች ሦስት ጥማድ መሬት ሲካፈሉ የሚፈጠረውን የመንዝ አባት ያውቀዋል፤ የሕዝብ ቁጥር የሚጎዳው መሬቱ ሲያንስ ሌላ ሥራ ሳይፈጠር ሲቀር ነው።

ስዊዘርላንድም ባሕር የላትም፤ ነገር ግን ዙሪያዋን ሀብታም ገበያ ስላለ ጎረቤቶቿ ራሳቸው ወደብም ደንበኛም ናቸው። እኛ ከውጭ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን በጅቡቲ በኩል ስናወጣና ስናስገባ የመጓጓዣው ወጪ ከሸዋ ሮቢት ማሾ ዋጋ ላይ ይቀነሳል።

ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካ በዝቷል። ሀብታም እየሆንን ነው ማለት ነው?

ከተማይቱ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ በመራቋ ቢራውም ዱቄቱም ጨርቁም መጥቶላታል፤ ይህ መልካም ነው። እኔ ግን የጭስ ማውጫ አልቆጥርም። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ የፋብሪካው ገብስ ከባሶና ወራና ገበሬ ተገዝቷል? በስፌት መኪና የጀመረችው ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ ተቆጣጣሪ ሆናለች ወይስ ደመወዙ ለቤት ኪራይ ስላልበቃት ወደ አረብ ሀገር ሄዳለች? ማሽኑ ሲበላሽ መለዋወጫው እዚህ ይሠራል ወይስ ዶላር ተጠብቆ ለወራት ይቆማል?

እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ውስጥ የማውቀው አንድ ወጣት በርና መስኮት ሲበይድ ነበር የጀመረው። አንድ ቀን የገብስ መውቂያ ማሽን ተሰብሮ መጣለት፤ የተሰበረውን ዘንግ በአሮጌ የመኪና ብረት ተካው፤ ቀጥሎ የመጣውን መውቂያ ፈትቶ ለካው፤ በሦስተኛው ዓመት ራሱ ሠርቶ ሸጠ። አሁን አራት ልጆች ቀጥሯል፤ ወንፊቱ ግን ፍሬውን እየሰበረ ስላስቸገረው ባለፈው ሳምንት ስሄድ ሦስት የተለያዩ ወንፊቶች መሬት ላይ ዘርግቶ የቀዳዳቸውን ስፋት በካሊፐር እየለካ ነበር።